ቆዳን የሚጠብቅ ቅባት የስኳር ሕመምተኛን መሣሪያ እንዳያበላሽ

 

ጤና አላህ (ሱ.ወ) ለባሪያው ከለገሳቸው ታላላቅ ኒዕማዎች አንዱ ነው። ለዚህ ኒዕማ የሚቀርበው ሹክር በምላስ ብቻ የሚያበቃ አይደለም፤ የተሰጠንን አካል እንደ አማና ቆጥረን መጠበቅም የሹክር አካል ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን ያስተማሩን ሲሆን የታከመ ሰው ደግሞ መድኃኒቱንና የሕክምና ዕቃውን በአግባቡ መያዝ ይጠበቅበታል። የተበላሸ መድኃኒት እንደሌለ ይቆጠራል፤ የተበላሸ መለኪያ ግን ከሌለም የከፋ ነው፣ ምክንያቱም ሳናውቅ ያሳስተናል።

በዚህ ወር የምናየው ጉዳይ ለብዙዎቻችሁ አዲስ ሊሆን ይችላል። ቆዳችንን ከፀሐይ ለመከላከል የምንቀባው ክሬም የስኳር ሕመምተኛ በሰውነቱ ላይ የሚለጥፈውን መሣሪያ እንዴት እንደሚያበላሽ፣ ይህንንም እንዴት እንደምንከላከል እንመለከታለን። ሰውነት ላይ የሚለጠፍ መሣሪያ የሌላችሁም ንባቡን አትተዉት። በጣት ደም ለምትለኩትና ኢንሱሊን በመርፌ ለምትወስዱትም የሚሆን ምክር ተካትቷል።

የእኛ ፀሐይ

አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስትሆን የእንጦጦ አናት ደግሞ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳን የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ በየካ ክፍለ ከተማና በእንጦጦ ተራሮች ላይ አየሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ጨረሩ ብርቱ ነው። ነፋሱ ስለሚያታልለን ፀሐዩ እንደመታን የምናውቀው ማታ ፊታችን ሲለበልበን ነው።

ከውጭ አገር በሚመጡ የመሣሪያ መመሪያዎች ላይ «በሰመር ወራት ተጠንቀቁ» የሚል ጽሑፍ ይገኛል። እነርሱ ሰመር የሚሉት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ጊዜ ለእኛ የዝናብ ክረምት ነው። እኛ ይህን ምክር ለበጋችን፣ በተለይም ከጥቅምት እስከ ግንቦት ላለው ጊዜ ልንወስደው ይገባል። በሾላ ገበያ ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚነግዱ፣ ከኮተቤና ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በእግራቸው የሚመላለሱ፣ በመገናኛ ታክሲ ሲጠብቁ የሚቆዩ ሁሉ ፀሐዩ ያገኛቸዋል። የእንጦጦ ፓርክ በመስከረም 2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ወደ ተራራው ይወጣል። በመሆኑም የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ ማለትም ሰንስክሪን፣ ዛሬ በብዙ ቤት ይገኛል። ክሬሙ ለቆዳ ጠቃሚ ነው፤ ጥያቄው የት መድረስ የለበትም የሚለው ነው።

መሣሪያዎቹ የትኞቹ ናቸው?

በአገራችን አብዛኛው የስኳር ሕመምተኛ የሚጠቀመው ጣት ተወግቶ በሚወጣ ጠብታ ደም የሚሠራውን ግሉኮሜትር ነው። ከዚህ ሌላ በውጭ የሚኖሩ ዘመዶች ለልጆችና ለወላጆች የሚልኳቸው ሁለት ዓይነት መሣሪያዎች አሉ።

የመጀመሪያው ሴንሰር ነው። ከአንድ ብር ሳንቲም ጥቂት ተለቅ የሚልና በክንድ የላይኛው ክፍል በስተኋላ ወይም በሆድ ላይ የሚለጠፍ ሲሆን ከቆዳ ሥር የምትገባ ቀጭን ክር አለችው። ክሯ በሕዋሳት መካከል ባለው ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ስኳር እየለካች ውጤቱን ወደ ስልክ ወይም ወደ ማንበቢያ ታስተላልፋለች። ከታወቁት መካከል ፍሪስታይል ሊብሬ 2 የሚባለው 14 ቀን፣ ዴክስኮም ጂ6 የሚባለው ደግሞ 10 ቀን እንዲያገለግሉ የተሠሩ ናቸው።

ሁለተኛው የኢንሱሊን ፓምፕ ነው። በወገብ ላይ የሚታሰር ዓይነት አለ፤ እንደ ኦምኒፖድ ያለው ደግሞ እንዳለ ቆዳ ላይ ተለጥፎ እስከ 3 ቀን ኢንሱሊን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ሰውነት ያስገባል።

ቅባቱ ምን ያደርጋል?

ጉዳቱ ሁለት ዓይነት ነው።

1ኛ. ፕላስቲኩን ይሰነጥቃል። በፀሐይ መከላከያ ክሬም ውስጥ ጨረሩን የሚውጡ ኬሚካሎችና እነርሱን የሚያሟሙ ዘይቶች አሉ። አንዳንዶቹ ወደ ፕላስቲክ ውስጥ ሰርገው በመግባት ያለሰልሱታል፤ ከዚያም መጠነኛ ጫና ሲያርፍበት በቀጭኑ ይሰነጠቃል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ፕላስቲክ ሳህን ላይ ሲፈስ የሚያደርሰውን ያየች እህት ነገሩን በቀላሉ ትረዳዋለች፤ የክሬሙ ሥራ ከዚያ ዝግ ያለ ቢሆንም አካሄዱ ተመሳሳይ ነው። የትንኝ መከላከያ ቅባትም፣ በተለይ ዲት የተባለው ኬሚካል ያለበት፣ ፕላስቲክ በማበላሸት የታወቀ ነው። ወደ ቆላ አገር የምትጓዙ ይህን ልብ በሉ። የሴንሰርና የፓምፕ አምራቾች ራሳቸው እነዚህ ቅባቶች መሣሪያውን ሊሰነጥቁት እንደሚችሉ በመመሪያቸው ላይ ያስጠነቅቃሉ። ስንጥቁ በዓይን ላይታይ ይችላል፤ ነገር ግን ላብና ውኃ በእርሱ በኩል ይገባል።

2ኛ. ማጣበቂያውን ያላቅቃል። በዚህ ረገድ ክሬም ብቻ ሳይሆን ቫዝሊን፣ ግሊሰሪን፣ የፀጉር ዘይትና ለጋ ቅቤም እኩል ናቸው። ማጣበቂያ በቅባት ላይ አይይዝም። በመድኃኒት ቤት መስኮት ከሚመጡልን ጥያቄዎች አንዱ «ከውጭ የተላከልን ዕቃ በሦስተኛው ቀን ወደቀ፤ የተበላሸ ነው ወይ የላኩልን?» የሚል ነው። ስንጠያይቅ የልጁ ክንድ ጠዋት ጠዋት በቫዝሊን እየታሸ ሆኖ እናገኘዋለን። እናት ልጇን አሳምራ ወደ ትምህርት ቤት መላኳ የሚያስመሰግናት ነው፤ ሁለት ሳምንት ሊያገለግል የሚችል ውድ ዕቃ ግን በሦስት ቀን ይጠፋል።

ለምን ያሳስበናል?

ፓምፕ የሚጠቀም ሰው በሰውነቱ ውስጥ ያለው ቶሎ የሚሠራው ኢንሱሊን ብቻ ነው። ፓምፑ ተሰንጥቆ ወይም ተላቅቆ ኢንሱሊኑ ወደ ውጭ ቢፈስ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሰውነት ያለ ኢንሱሊን ይቀራል። ያን ጊዜ ደሙ ወደ አሲድነት ይለወጣል። ምልክቶቹ ከባድ የውኃ ጥም፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ፈጣንና ጥልቅ ትንፋሽ፣ የበሰለ ፍራፍሬ የሚመስል የአፍ ሽታና መፍዘዝ ናቸው። ይህ ሲታይ «ነገ ይሻለዋል» አይባልም። ሕመምተኛው ወዲያውኑ ሐኪም ቤት መድረስ አለበት። ለየካ ነዋሪ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልና የካ ኮተቤ ሆስፒታል በቅርብ ይገኛሉ።

ሴንሰር የተበላሸ እንደሆነ ደግሞ ስልኩ ላይ የምናየው ቁጥር እውነተኛ ላይሆን ይችላል። የሌለ ከፍታ ካሳየ ያለ አግባብ ኢንሱሊን እንጨምራለን፤ ስኳሩም ከሚገባው በታች ይወርዳል። የሌለ ዝቅታ ካሳየ ደግሞ ያለ አግባብ ስኳር እንሰጣለን። ስለዚህ የምትከተሉት ደንብ ይህ ይሁን፦ የሰውነት ስሜትና የመሣሪያው ቁጥር ካልተስማሙ እጅን ታጥቦ በጣት ደም መለካት። የማላብ፣ የመንቀጥቀጥ፣ የመራብና የመደናገር ስሜት ካለና መለኪያ በእጅ ከሌለ ግን ሳይጠብቁ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ አሟሙቶ መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም ሁኔታውን እንደገና ማየት ያስፈልጋል። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፍ ምንም አይሰጥም፤ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰዳል።

ምን እናድርግ?

• ሴንሰር ወይም ፓምፕ ከመለጠፋችሁ በፊት ቦታውን በሳሙናና በውኃ እጠቡ፤ በአልኮል ጥረጉ፤ በደንብ እስኪደርቅም ጠብቁ። በዚያ ቦታ ላይ በዕለቱ ምንም ዓይነት ቅባት አይነካ።

• ክሬም ስትቀቡ በመሣሪያው ዙሪያ ሁለት ጣት የሚያህል ቦታ ሳትቀቡ ተዉ።

• የሚረጭ ክሬም አትጠቀሙ፤ ሳታስቡት መሣሪያው ላይ ያርፋል። መጠቀም ግድ ከሆነ መጀመሪያ በእጃችሁ መዳፍ ላይ ረጭታችሁ ከዚያ ተቀቡ።

• ከተቀባችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ሳትታጠቡ መሣሪያውን፣ ማንበቢያውንና የፓምፑን መቆጣጠሪያ አትንኩ። ልጆችን የምትቀቡ እናቶች ይህን በተለይ አስታውሱ።

• ቅባት መሣሪያው ላይ ካረፈ ወዲያውኑ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። አቆይቶ መጥረግ ብዙም አይጠቅምም፤ አጥብቆ መፈግፈግም ማጣበቂያውን ያነሣዋል።

• «ማዕድናዊ» የሚባሉት ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለባቸው ክሬሞችም ዘይት ስላላቸው መሣሪያው ላይ እንዲያርፉ አይፈቀድም።

• ከሁሉም የሚሻለው መከላከያ ልብስ ነው። እጅጌው ረዘም ያለና ሰፋ ያለ ልብስ ቆዳውንም መሣሪያውንም ያጠልላል። እህቶቻችን በሒጃባቸውና በሰፊው ልብሳቸው ይህን ጥቅም ያለ ተጨማሪ ወጪ ያገኙታል። በልብስ ለተሸፈነ ክንድ ክሬም አያስፈልገውም፤ ለፊትና ለእጅ ብቻ መቀባት ይበቃል።

በጣት ደም ለሚለኩ

የክሬምና የሎሽን ቅሪት በጣት ላይ ካለ ንባቡን ሊያዛባ ይችላል። ከዚህ የባሰው ግን የጣፋጭ ምግብ ቅሪት ነው። ብርቱካን የላጠ ወይም በኢፍጣር ሰዓት ተምር የያዘ ጣት ሳይታጠብ ከተወጋ ከደሙ ጋር የፍሬው ስኳር ስለሚቀላቀል ቁጥሩ ያለ አግባብ ከፍ ይላል። በአልኮል ብቻ መጥረግ ለዚህ አይበቃም፤ በውኃና በሳሙና ታጥቦ ማድረቅ ያስፈልጋል። በረመዷን ሐኪሙ እንዲጾም የፈቀደለት ሕመምተኛ ይህን እንዳይዘነጋ። ሐኪሙ አትጹም ያለው ደግሞ አላህ (ሱ.ወ) ለሕመምተኛ የሰጠውን ፈቃድ በደስታ ይቀበል።

ስትሪፖቹን ከራሳቸው ቆርቆሮ ወይም ብልቃጥ አውጥታችሁ በሌላ ዕቃ አታስቀምጡ። እርጥበትና ሙቀት ያበላሿቸዋል። መለኪያውንም በመኪና ውስጥ ፀሐይ በሚመታው ቦታ ወይም በመስኮት ደፍ ላይ አትተዉት።

ወደ እንጦጦ ለሚወጡ አንድ ማሳሰቢያ አለን። አንዳንድ የግሉኮሜትርና የሴንሰር መመሪያዎች ከ3,000 ሜትር ገደማ በላይ ባለ ከፍታ ላይ ውጤታቸው እንደማይታመን ይገልጻሉ። የእንጦጦ አናት ከዚህ ስለሚበልጥ የመሣሪያችሁን መመሪያ አንብባችሁ ወይም ባለሙያ አስነብባችሁ ተረዱ። ከመውጣታችሁ በፊትና ከወረዳችሁ በኋላ ለኩ። ዳገት መውጣት ስኳር ስለሚያወርድ ጥቂት ስኳር ወይም ተምር በኪስ ይያዝ።

ኢንሱሊኑስ?

መሣሪያውን ከቅባት ስንጠብቅ ኢንሱሊኑን ከፀሐይ መጠበቅ አለብን። ኢንሱሊን ፕሮቲን ነው፤ ከበዛ ሙቀት ይበላሻል፣ ከበረዶም ይበላሻል። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፤ በረዶ በሚሠራው ክፍል ውስጥ ወይም ከእርሱ ጋር ተነካክቶ ግን መቀመጥ የለበትም። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ይጣላል።

የተከፈተ ብልቃጥ ለአራት ሳምንት ያህል ከፍሪጅ ውጭ ቀዝቃዛና ጨለማ በሆነ ቦታ ሊቆይ ይችላል። የአዲስ አበባ አየር ለዚህ አመቺ ነው። አስቸጋሪው በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ መደርደሪያ፣ የቴሌቪዥን ጀርባ፣ የምድጃ አጠገብና የቆመ መኪና ነው። ፍሪጅ የሌለው ቤት ብልቃጡን ውኃ በማይገባው ላስቲክ ጠቅልሎ፣ በትንሽ ዕቃ ውስጥ አድርጎ፣ ውኃ ባለበት የሸክላ ማሰሮ ውስጥ በጥላ ቦታ ሊያኖረው ይችላል። የሸክላው ውኃ ወደ ውጭ እየተነነ ውስጡን ያቀዘቅዘዋል።

ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድንና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጡት ጥናት በኬንያ ዳዳብ የስደተኞች መጠለያ ያለውን የቤት ሙቀት መነሻ አድርጎ፣ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት ለአራት ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ኃይሉን እንደጠበቀ አሳይቷል። ይህ ፍሪጅ ለሌላቸው ወገኖች ትልቅ እፎይታ ነው። ጥናቱ የሚናገረው ግን ስለ ቤት ጥላ ነው፤ ፀሐይ ላይ ስለተተወ ብልቃጥ ወይም ስለጋለ መኪና አይደለም። ፀሐይ ላይ የዋለ ፓምፕም በውስጡ ያለው ኢንሱሊን አብሮት እንደሚሞቅ አትርሱ።

ውዱእና ትጥበት

ብዙዎች «መሣሪያው እያለ ውዱእ ይሆናል ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። በውዱእ የሚታጠበው እጅ እስከ ክርን ስለሆነ ከክርን በላይ ወይም በሆድ ላይ የተለጠፈ መሣሪያ የውዱእን ቦታ አይነካም። መላ ሰውነትን በመታጠብ ጊዜ ግን ከሥሩ ያለው ቆዳ ውኃ አያገኝም። ዑለሞች ስለ ጀቢራ፣ ማለትም ለሕክምና ስለታሰረ ነገር፣ የሰጡት ብይን ለዚህም መነሻ ይሆናል። በመዝሀቦች መካከል ዝርዝር ልዩነት ስላለ የመስጂዳችሁን ኡስታዝ ጠይቁ። መሣሪያውን ለትጥበት ብሎ ነቅሎ መልሶ መለጠፍ እንደማይቻል፣ የተነቀለ ሴንሰር እንደገና እንደማይሠራም ንገሯቸው፤ መልስ የሚሰጠው ሰው ሁኔታውን ማወቅ ይገባዋል።

ለሐጅና ለዑምራ ተጓዦች

ቅባቱ፣ ሙቀቱና መሣሪያው ከሁሉም በላይ የሚገናኙት በመካ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 በሐጅ ወቅት የመካ ሙቀት እስከ 51.8 ዲግሪ የደረሰ ሲሆን የሳዑዲ መንግሥት 1,301 ሰዎች መሞታቸውን አሳውቋል። አላህ ይማራቸው። ሐጅ በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ወደፊት ስለሚመጣ ከዚያ ብርቱ ሙቀት እየራቀ ቢሄድም የመካ ፀሐይ ከእኛ ጋር የሚወዳደር አይደለም። አንዳንድ ሴንሰሮች ከ45 ዲግሪ በላይ እንዲሠሩ አልተዘጋጁም። ስለዚህ፦

• በኢሕራም ላይ ሽቶ ክልክል በመሆኑ የምትይዙት ክሬም ሽታ የሌለው ይሁን። ከአዲስ አበባ ሳትነሡ ገዝታችሁ በቤት ሞክሩት።

• ወንዶች በጠዋፍ ጊዜ ቀኝ ትከሻቸውን ስለሚገልጡ ሴንሰሩ በግራ ክንድ ላይ ይለጠፍ፤ በዚያ በኩል የኢሕራሙ ጨርቅ ያጠልለዋል። ቀኝ ትከሻ ክሬም ይቀባል፤ እጅም ይታጠባል። ለመታጠቢያም ሽታ የሌለው ሳሙና ያዙ።

• ኢንሱሊን፣ ስትሪፕና ትርፍ ሴንሰር በእጅ ሻንጣ ይያዙ። በአውሮፕላን ጭነት ክፍል ውስጥ ኢንሱሊን በረዶ ሊሆን ይችላል።

• ሴንሰር ወይም ፓምፕ ያለው ሰው ግሉኮሜትርና የመርፌ ኢንሱሊንም ለመጠባበቂያ ይያዝ። የሐኪም ደብዳቤም አይረሳ።

• ጃንጥላ ይያዝ፤ ውኃም ቶሎ ቶሎ ይጠጣ።

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይህን አስታውሱ፦ መጀመሪያ እጅን መታጠብ፣ ከዚያ መሣሪያውን መንካት። ይህን ደንብ ለመተግበር ውኃና ሳሙና ይበቃል። በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ መሣሪያ የለጠፈ ልጅ ካለ ለእናቱ ንገሯት፤ ከጁሙዓ ሰላት በኋላም ለሚመለከታቸው ወንድሞችና እህቶች አድርሱ። ሰበቡን እናድርስ፤ ሽፋው ከአላህ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ሕመምተኞቻችንን ይማርልን፤ የተሰጠንን አማና ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።